የኮጋ ውሃ በየትኛው ወር?

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር

አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከምሳ በኋላ ስለ ውሃ ኬሚስትሪ የሚያወራ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ጥፋቴን እናዘዝና ከዚያ ወደ ውሃው እገባለሁ።

እኔ በ2003 ዓ.ም. የተመረቅሁ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በኮጋ ግድብ ውሃ ላይ ነበር። ያኔ ፔዳ ግቢ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ኮጋ ገና አዲስ ነበር። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ፣ 7,000 ሄክታር መስኖ፤ መራዊ ዘመድ ያለው ልጅ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይይዛቸው ነበር። እኔም በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሦስት ባዶ ሃይላንድ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መራዊ ወርጄ ግድቡ ድረስ ሄድሁና ዳር ድንጋይ ላይ ቆሜ እጄ በደረሰበት ልክ ጠርሙሶቹን ሞላሁ። ተመልሼ ሦስት ቀን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኋቸው፤ የላቦራቶሪ ተራ እስኪደርሰኝ።

ጠብታ አሲድ አልጨመርሁባቸውም። ከላይ ጥርት ያለውን ቀድቼ ለካሁ፤ ከሥር የረጋውን አፈር ነው ብዬ በብሩሽ አጥቤ ደፋሁት። በውሃው ውስጥ ብረት ቢኖር እንኳ ከጠርሙሱ ሥር ዝቃጭ ሆኖ ከእኔ ጋር ሦስት ሌሊት ካደረ በኋላ ወደ ፍሳሽ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ «የኮጋ ግድብ ውሃ በሟሙ ማዕድናት ድሃ ነው፤ ብረት አልተገኘበትም» ብዬ ጻፍሁ። ወሩን አልጻፍሁም። ሰዓቱንም፣ ጥልቀቱንም አልጻፍሁም። ጥሩ ውጤት ተሰጠኝ፤ እሱን አሁን መመለስ የሚቻል አይመስለኝም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ሥራዬ ከውሃ ምርመራ ጋር የተያያዘ ሆነና ከመራዊ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም እመላለስ ነበር። የ2009 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር የዋለው። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አክስቱ ቤት ይዞኝ ገባ። ቤታቸው ከግድቡ የሚወጣው ዋናው ቦይ አጠገብ ነው። እኒያ እናት ለበዓል ያጠቡትን ነጠላና ቀሚስ ገመድ ላይ አስጥተው ፊታቸው ጠቁሯል። ነጠላው እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኗል። በረኪና ጨመሩበት፤ ባሰው። ደግመው ጨመሩ፤ የዝገት መልክ ያዘ።

እኔ የተማርሁት ሰው ቀረብ አልሁና «እማማ፣ ይሄ ከሳሙናው ይሆናል እንጂ ኮጋ ውሃ ውስጥ ብረት የለም። ራሴ መርምሬዋለሁ» አልኋቸው።

«መቼ?»

«ተማሪ ሳለሁ።»

«ኧረ እሱስ ይሁን፤ በየትኛው ወር?»

«በጥቅምት።»

«በጥቅምትማ እኔም እዚሁ ነው የማጥብ ልጄ፤ ምንም አይለው» አሉና ወደ ነጠላቸው ዞሩ።

እንግዲህ አስቡት። እኒህ ሴት ሁለት ወቅት አነጻጽረዋል። እኔ በዲግሪዬ ያየሁት አንድ ቅዳሜ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ «በየትኛው ወር?» ለሚለው ጥያቄያቸው የዘገየ መልስ ነው።

ከምንጩ ልጀምር። ከጣና ደቡብ ያለው አገራችን ባሳልት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ። ዝናብ ራሱ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ከሥሮችና ከሚበሰብሰው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ለስላሳ አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ጥቂት ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ሲሊካ ይዞ ይወጣል። ጊዜ ባገኘ ቁጥር ብዙ ይዞ ይወጣል። ተማሪ ሳለን ባሕር ዳር ላይ የጠጣነው የአረቄ ምንጭ ውሃ ድንጋይ ውስጥ ቆይቶ የመጣ ነው። ቡሬ በኩል ያለው ባጉና ደግሞ ጋዙ በዝቶለት ድንጋዩን ይበልጥ ስላሟሟ ምላስ ላይ ይታወቃል። ዋናው ነገር ውሃው ከድንጋይ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ነው።

አሁን ክረምቱን እዩት። በኮጋ ተፋሰስ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነሐሴ ውሃው በማሳው ላይ እየተንደረደረ ወንዝ ይገባል እንጂ ድንጋይ ውስጥ ለመቆየት ፋታ የለውም። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ይገባዋል፤ ድፍድፉ ያው ነው፣ ውሃ ተጨመረበት። በበጋ ደግሞ ወንዙን የሚያቆመው ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ብቻ ስለሆነ ድፍድፉ ወፍሮ ይመጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የተማረውም ጭምር። በነሐሴ የኮጋ ወንዝ እንደ ቀይ ወጥ ነው። «ማዕድኑ በዛ» ይባላል። ያ ግን የሟሟ ማዕድን አይደለም፤ የተንሳፈፈ አፈር ነው፤ ብታስቀምጡት ይረጋል። ዓይን የሚፈራው የነሐሴ ውሃ በሟሟ ማዕድን ከዓመቱ ሁሉ ድሃው ነው። ዓይን የሚወደው ጥርት ያለው የበጋ ውሃ ነው ሀብታሙ። ከዚህ ሕግ የምትወጣው አጭር ጊዜ አለች፤ የመጀመሪያው ዝናብ። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መግቢያ ከደረቀ ማሳ ላይ አመዱን፣ ፋንድያውን፣ በበጋው የተጠራቀመውን ናይትሬት ጠራርጎ የሚያወርደው ጎርፍ። ይህ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ የክረምቱ ብዛት ይውጠዋል።

ግድብ ይህን የወንዝ ዓመት ይቀበልና የራሱን ዓመት ይሠራበታል። ኮጋ የሚሞላው በክረምት ውሃ ነው፤ ስለዚህ በጥቅምት የቀዳሁት ውሃ በማዕድን ድሃ መሆኑ እውነት ነበር። ከዚያ በጋው ይገባል፤ ፀሐይ ትወጣለች፤ ቦዩ ይከፈታል።

«ውሃው ሲጎድል ጨው ይበዛል» የሚለው ስጋት ገበሬውም፣ ባለሙያውም ዘንድ አለ። እሳት ላይ የቆየ ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። እስኪ በወረቀት እናስላው። ግድቡ ሲሞላ ወደ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር ይተኛል፤ በአማካይ ጥልቀቱ 5 ሜትር አይሞላም። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተን በስምንት ወር ወደ 1 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በፀሐይ ሄደ እንበል። የቀረው በቦይ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በፀሐይ የሚሄደው ውሃ ጨውን ጥሎ ይሄዳል፣ በቦይ የሚሄደው ግን ጨውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ግድቡ ወደ ስምንተኛው ቢወርድ እንኳ ጨው ስምንት እጥፍ አይሆንም። በበጋ የሚገባውን ጥቂት ውሃ ወደ ጎን ብንተወው፣ ሒሳቡ የሚሰጠን ከመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ጭማሪ ነው። በጥቅምት 3 የነበረው በግንቦት 4 ሆነ ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው ድስት ላይ ወጥ አይወፍርም።

ቀዳዳ የሌለውን ማየት የፈለገ ስምጥ ሸለቆ ይውረድ። ሻላ መውጫ የለውም፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከ20,000 ማይክሮ ሲመንስ ያልፋል። ጣና፣ ዓባይ የሚወጣበት በመሆኑ፣ በመቶዎች መጀመሪያ ላይ ነው የሚገኘው። ኮጋም የጣና ቤተሰብ ነው፤ ውሃው በግልገል ዓባይ በኩል እዚያው ይገባ ነበር።

ማሳውስ? ለሒሳብ እንዲመቸን በ1 ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሟሟ ማዕድን አለ እንበል። ሙሉ ግድብ 83,000 ኩንታል ማዕድን ይዟል ማለት ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ከ200 በላይ ተሳቢ መኪና። ቁጥሩን ሲሰማ ሰው ይደነግጣል። ለ7,000 ሄክታር ስታካፍሉት ግን ለአንድ ሄክታር በዓመት 12 ኩንታል ገደማ ነው፤ እሱም አብዛኛው ካልሲየምና ባይካርቦኔት እንጂ የወጥ ጨው አይደለም። ከዚያ በላይ ክረምት ሲመጣ በያንዳንዱ ሄክታር ላይ 15,000 ሜትር ኩብ ዝናብ ይወርዳል፤ ያጥበዋል። በአዋሽ መካከለኛው ተፋሰስ፣ በአሚባራ፣ የጥጥ መሬት በጨው ምክንያት ከእርሻ የወጣው የመስኖው ውሃ ከኛ እጅግ የከፋ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ከኛ ሲሦ ገደማ ነው፤ ከሥር ውሃ ማስወጫ በበቂ ስላልተሠራለት የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨውን ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ባለፉት ስድሳ ዓመታት ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ የሸንኮራ መሬቱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ኮጋ ይህ ዕጣ አያሰጋውም፤ ክረምቱ እስካለ ድረስ።

የኮጋ ገበሬ ችግር እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። አፈሩ አሲዳማ ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶበታል፤ ስለዚህ ነው ኖራ ጨምሩ የሚባለው። ግድቡ ውስጥ ሟሙቶ ያለው ካልሲየም ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከላይ ካለው ድንጋይና ከላይ ካለው ማሳ ነው። የላይኛው ገበሬ ያጣውን የታችኛው በቦይ ይቀበላል። የሚቀበለው ግን ጥቂት ነውና ኖራን አይተካም። «መስኖ ካለኝ ኖራ ለምኔ» የሚል ሰው መራዊ ገበያ ላይ ገጥሞኛል፤ ይሄን ሒሳብ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ሠርቼ አሳየሁት። አላመነኝም መሰለኝ፤ ወረቀቱን ግን ኪሱ ከተተው።

ወደ ነጠላው ልመለስ። ትነት ከ3 ወደ 4 ብቻ የሚያደርስ ከሆነ፣ በጥቅምት ምንም የማይል ውሃ በሚያዝያ ነጠላ የሚያበላሸው ምን ቢሆን ነው? ብረት በዚህ ሒሳብ አይገዛም።

የአገራችን አፈር ቀይ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ነው። ይህ ብረት ኦክስጅን ባለበት ውሃ አይሟሟም፤ በክረምት ከደለሉ ጋር ገብቶ ግድቡ ወለል ላይ ይተኛል። ግድቡ የሸፈነው የግጦሽ መስክና ማሳ ነበር፤ ከሥር የሚበሰብስ ነገር አለ፤ ደለሉም ቅጠልና ፋንድያ ይዞ ይገባል። የሚበሰብስ ነገር ኦክስጅን ይበላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፤ ውሃው ይገለባበጣል፤ ሥሩም ትንፋሽ ያገኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ላዩ ይሞቃል፣ ሙቁ ውሃ ቀላል ነውና ከላይ ይተኛል፤ ሥሩ ታፍኖ ያድራል። ኦክስጅን ሲያልቅ ያ የተኛ ብረት መልኩን ይቀይርና ይሟሟል። ማንጋኒዝም እንዲሁ፤ ብረቱ ይዞት የነበረው ፎስፈረስም አብሮ ይለቀቃል፤ ኋላ ዳር ዳሩ አረንጓዴ የሚሆነውም በከፊል በዚህ ነው። ግድቡ ጎድሎ የላዩ ውሃ ሲያልቅ ደግሞ ቦዩ የሚጠጣው ከወለሉ አጠገብ ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። የመራዊው ቦይ ላይ ግን አላየሁትም።

ያን ረቡዕ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመስክ መመርመሪያዬን ይዤ ቦዩ ዘንድ ወረድሁ። ለካሁ። ቀለም የለም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ተመልሼ «እማማ፣ ይኸው ምንም የለም» አልኋቸው። ቀና ብለውም አላዩኝም። «ከሰዓትማ ነፋስ አለ። እኔ የማጥብ ፀሐይ ሳይወጣ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረድሁ። ነፋስ የለም፤ ግድቡ እንደ መስታወት ተኝቷል። አንድ ሃይላንድ ከቦዩ መነሻ ሞልቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ትንሽ የረግረግ ሽታ አለው እንጂ። ሲጋራ የማጨስ ሰው ብሆን ሁለት አጨስ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ደፈረሰ፣ ከዚያ የጠጅ መልክ ያዘ፤ ቀስ ብሎ ከሥሩ ብርቱካናማ ዝቃጭ ተኛ። ከስድስት ዓመት በፊት በብሩሽ ያጠብሁት ዓይነት።

በውሃ ውስጥ ብረት በ1 ሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ልብስ ማቅለም ይጀምራል። ያን ጠዋት የለካሁት ስንት እንደነበር ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። አልነግራችሁም፤ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ጠዋት ነውና። ያን ስህተት አንዴ ሠርቼዋለሁ። በረኪናው ለምን እንዳባሰው ግን እነግራችኋለሁ፤ በረኪና ኦክስጅን ቶሎ እንደመስጠት ነው፣ የሟሟውን ብረት እዚያው ክሩ ላይ ዝገት አደረገው። እማማን በሎሚ እንዲያሹት ነገርኋቸው፤ የሎሚ አሲድ ብረቱን ያስለቅቃል። «እሱንማ ትናንት ማታ ጀመርሁ» አሉኝ። ለፋሲካ ለበሱት።

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝን ልናገር፤ በተለይ ለመምህራኖቻችን። እንዲህ ያለው ግድብ ነፋስ ስለሚነካው ወር ብቻ ሳይሆን ሰዓትም አለው። ጥናቶቻችን ደግሞ የትምህርት ካላንደር ተከትለው ነው ናሙና የሚሰበስቡት። ተማሪ በነሐሴ ቤቱ ነው፤ በሰኔ ፈተና ላይ ነው። ስለዚህ ወንዙ በጣም የሚለዋወጥባቸውን ወራት የምናያቸው እምብዛም ነው፤ የምናየውንም ከቁርስ በኋላ ነው። የምጠይቀው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። በየወሩ አንድ ቀን፣ ሦስት ጥልቀት፣ ጎህ ሲቀድና ከሰዓት፤ በዓመት 72 ጠርሙስ። የብረቱ ጠርሙስ እዚያው ቦታው ላይ ይጣራ፣ አሲድ ይጨመርበት። ኦክስጅን ቦታው ላይ ይለካ። በእያንዳንዱ የምርመራ ወረቀት ላይ ወር፣ ሰዓትና ጥልቀት ካልተጻፈ ወረቀቱ አይፈረም። ይህን አንድ ትምህርት ክፍል ከአንድ የማኅበራችን ምድብ ጋር ሆኖ ሊሸከመው ይችላል። የኔ ምድብ የጠርሙሱንና የትራንስፖርቱን ወጪ ለሁለት ዓመት ልንችል ተስማምተናል።

ነገሩ በኮጋ አይቆምም። ህዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የኮጋን 900 ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል በትነት ይሄዳል። ስለ እነዚህ ውሃዎች ማዕድን ነገ በየስብሰባው አዳራሽ ክርክር ይመጣል፤ አንዱ የነሐሴ ጠርሙስ፣ ሌላው የሚያዝያ ጠርሙስ ይዞ ይቀርባል፤ ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። በዚያ ጊዜ የአሥራ ሁለቱን ወር መዝገብ ይዞ የሚቀመጠው ከኛ ልጆች አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከ2009 ወዲህ መራዊ በሄድሁ ቁጥር ጠርሙስ ይዤ ነው። የአሥራ አንድ ወር አለኝ፤ የተለያየ ዓመት፣ የተዘበራረቀ ቢሆንም። የሰኔ የለኝም። ዛሬ ሰኔ ነው፤ ትናንት ማታ ወደ ሜጫ በኩል ሲያጉረመርም ሰምታችኋል። ነገ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፔዳ በር አንድ ሚኒባስ ይነሳል፤ አሥራ ሁለት ቦታ ይቀራል። ጠርሙሱንም አሲዱንም እኔ እይዛለሁ። እማማ ቡና አፍልተው ይጠብቁናል፤ የቡናውን ውሃ ከምንጭ ነው የሚቀዱት። የሚታጠብ ነጠላ ያለው ሰው ካለ ግን እስከ ከሰዓት ይታገሥ።